እጅሽን ስጪኝ፣ እጅ ግን አትስጪ

ዱላውን አስቀምጪ። አጥሩ ሥር ይቀመጥ።
ዛሬ እጅ ነው ትምህርቱ፤ ዱላ ነገ እንምረጥ።
ነይ ራንጊ፣ እጅሽን ስጪኝ፤
«እጅ ስጪ» አላልኩሽም፣ አጣርተሽ ስሚኝ።
ባለፈው ቅዳሜ፣ በሁለተኛው ኳስ፣ እጅ የሰጠሽ አንቺ ነሽ፣
ሦስተኛው ሳይመጣ፣ ትከሻሽን ጥለሽ።

ነፋሱ ከባሕሩ ተነሥቶ፣ ኮረብታውን ዘሎ፣
ዋይኑዮማታ ሲገባ የሜዳውን አቧራ አዝሎ፣
ዐይን ያስጨፍናል። ይሁን። አሁን ዐይን አንፈልግም፤
መዳፍ ያላወቀውን ዐይን ቢያየው አይጠቅምም።

በር ስታንኳኪ በየትኛው ነው? አሳዪኝ።
አዎ፣ በነዚህ፣ በመካከለኞቹ አንጓዎች። እዪኝ፦
የቀኙም የግራውም በአንድ መስመር ይሰለፉ፣
የጎረቤት በር እንደሚያንኳኩ፣ በጨዋ ደንብ፣ ሳይገፉ።
ዱላው ጣትሽ ላይ ይተኛ እንጂ መዳፍሽ ውስጥ አይቀበር፤
አንቀው የያዙት ነገር የት አባቱ ሊበር!

«ለስላሳ ኳስ» አሏት። ስም አውጪው ማን ይሆን?
የእህቴ የፊት ጥርስ ይመስክር ልስላሴዋን።

ይሄን ፎጣ ያዢ። ከባልዲው ነክሬዋለሁ፤
ጫፉ የት ጋ እንደሚጮህ አዳምጪ፣ እኔም እሰማለሁ።

ጧ!

ከኋላሽ ጮኸ። አየሽ? ቶሎ ነው የገለበጥሽው፤
እንግዳው ገና ሳይደርስ ገበታውን ያነሣሽው።
ለዚህ ነው ኳስሽ ሁልጊዜ መሬት ለመሬት የምትድኸው፣
ሦስተኛው ቤዝ ጋ ሄዳ እንደ ድመት የምትተኛው።

እንደገና። እጆችሽ ከኳሷ በውስጥ በኩል ይለፉ፤
ሆድሽን ታከው ይምጡ፣ ሜዳ ለሜዳ አይንሳፈፉ።
የዱላው ቂጥ ቀድሞ ኳሷን ይያት፤
ራሱ ይዘግይ፣ ዘግይቶ ይድረስባት።
ስትነኪያት ግን፣ በዚያች በአንዲት ቅጽበት፣
የቀኝሽ መዳፍ ወደ ሰማይ፣ የግራሽ ወደ መሬት፤
በአንዱ እንደሚለምን፣ በአንዱ እንደሚባርክ ሁኚ፤
ኳሷ ሳትወጣ ግን መዳፍሽን አትክደኚ።

ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ያለውን
አልችልም ላሳይሽ። እዪው ይሄን ግራ እጄን።
ማስተርተን፣ በግ መሸለቻው ቤት፣ ዓመቱ ዐሥራ ዘጠኝ፤
ሱፍ መጭመቂያው ሲወርድ ከሱፉ ጋር ቆጠረኝ።
ሐኪሙ በሁለት ብሎን አስሮ፣ «ዳነ» ብሎ ሰደደው።
ድኗል። ሻይ ያነሣል፣ መሪ ያዞራል። መታጠፍ ነው የቸገረው።

እስከዚህ አመጣሻለሁ፣ እስከ ሰማይና መሬት፤
የቀረውን ራስሽ ሂጂበት።
እኔ የምቆምበት ጋ አንቺ አትቁሚ።
ደግሞ እንዲህ አትዪኝ። ፎጣውን አንሺ። ድገሚ።

ጧ። ገና ነው።
ጧ። ቀረበ። አሁን ጉልበትሽ ጋ ነው።
(ታማቲ! ብስክሌትህን ከአጥሩ ላይ አውርድ!)
ጧ። አትቸኩዪ፣ ማንም የለም የሚያሳድድ።

ጧ!

ይህን። ይህን ድምፅ ስሚው። ከፊትሽ ነው የጮኸው፤
እኔ አላስተማርኩሽም፤ አንጓሽ ራሱ ነው የፈታው።

*

ቅዳሜ። የመጨረሻው ዙር። ሁለት ወጥተውብናል።
የፔቶኔዋ ልጅ ክንዷን ስታሽከረክር አየሩ ያፏጫል።
አንደኛዋን አሳለፈቻት። ሁለተኛዋን ሳተቻት። ትከሻዋ ግን አልወረደም።
አጥሩን ይዤ ቆሜያለሁ። አልተናገርኩም። ምንም።
ሦስተኛዋ መጣች፦
እጀታው፣ ሆድ፣ ሰማይ፣ መሬት፣
ከዚያም ያ እኔ የማልሄድበት።

ሜዳው ዳር የተኛው ውሻ እንኳ ብድግ አለ።
ኳሷ እንደ ክር ተወጥራ ሄደች፣ ሣር ሳትነካ፤
መሐል ሜዳ ያለችው ልጅ ቆማ ኖሯል እዚያው፣ ለካ።
ያዘቻት። አለቀ። አራት ለሦስት ተሸነፍን።
ራንጊ ግን ሩጫዋን አላቆመችም፣ እስክትረግጥ ቤዙን።

ስትመለስ አላለቀሰችም። መዳፏን ታየዋለች፣
አሁን ገና እንደተዋወቀችው ሰው። «ሰማሽ?» አለች።

ሰምቻለሁ። ጃኬት ኪሴ ውስጥ ግራ እጄን አሞኛል፤
ሳላውቅበት ሊከተላት ሞክሮ ይመስለኛል።